የአጋታ ተማሪ

አጋታና ወንድሟ ኖኤል ካናዳ ውስጥ ከአንድ ወንዝ ዳር ባለች የነባሮቹ የሚግማው ሕዝብ መንደር ሲኖሩ ቤታቸውን የምትለየው አንዲት ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበረች። ሆኖም ለእናታቸው ሲሉ ይነጋገሩ የነበሩት እሷ ከተቀበረች ማግስት ጀምሮ ቃል አልተለዋወጡም። ቅዳሴ ላይ እሷ በግራ፣ እሱ በቀኝ ይቀመጣል። ሱቅ ውስጥ ከተገጣጠሙ አንዱ የመጣበትን ትቶ ይወጣል። ወጣቶቹ ምክንያቱን አያውቁም፤ በዕድሜ የገፉት ያውቃሉ፣ ግን አያነሡትም።

ነገሩ የአዳሪ ትምህርት ቤቱ ነው። መንግሥት የሚግማው ልጆችን ከየቤታቸው እየለቀመ ለካቶሊክ ሲስተሮች ሲያስረክብ አጋታ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ኖኤል ደግሞ የዘጠኝ ነበር። እዚያ ግቢ ውስጥ ከእንግሊዝኛ ሌላ መናገር ክልክል ነው። አንድ ቀን አጋታ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ለአክስቷ ልጅ በቋንቋቸው፣ "እማዬ ናፈቀችኝ" ብላ አንሾካሾከች። ኖኤል ሰማት። ሄዶ ለሲስተሯ በእንግሊዝኛ ነገራት፤ ለውለታውም ማርማላታ የተቀባ ዳቦ ተሰጠው። አጋታን ሲስተሯ ልብስ በሚማሰልበት ዱላ መታቻት፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ግራ ጆሮዋ አይሰማም።

"እሱም እኮ ልጅ ነበር፤ ርቦት ነው" ይሏት ነበር ሰዎች።

ይህ ለአጋታ አይጠፋትም። ርሃቡን እሷም ታውቀዋለች። ግን ዳቦውን ሲበላ አይታዋለች።

ካደገች በኋላ ቅርጫት መሥራትን ከእናቷ ተማረች። ባሏ ፒየል ረግረግ ገብቶ ዊስኮክ የሚሉትን ዛፍ ይጥላል፤ ግንዱን በመጥረቢያ ጀርባ ይቀጠቅጥና እንደ ልጥ እየላጠ ያመጣላታል። እሷ ትጎነጉናለች። ቅርጫቱን ለድንች ገበሬዎች ይሸጣሉ፤ የተረፈውን ተሸክማ በነጮቹ ደጃፍ እየዞረች ባሮጌ ካፖርት፣ በጨው በታሸ ሥጋ ትለውጣለች። ውሻ የለቀቁባት ነበሩ። ለዚህ ነው ለሴት ልጆቿ ያላስተማረቻቸው። "ይሄ የለማኝ ሙያ ነው፤ አርፋችሁ ትምህርታችሁን ተማሩ" አለቻቸው። ሰሟት፤ ተምረው ከተማ ገቡና እዚያው ቀሩ። ፒየልም ሞተ። እጇ ሥራ ፈታ።

ማርላ የመጣችው ያኔ ነው። ማርላ የመንደሩ ምክር ቤት የትምህርት ጉዳይ ሠራተኛ ናት፤ ክርስትና ስትነሣ አጋታ ያቀፈቻት ልጅ።

"አክስቴ፣ መንግሥት ለነባር ሕዝቦች ጥበብና ባህል ማስተማሪያ ገንዘብ ሰጥቶናል" አለቻት። "ቅርጫት ያስተምሩልን። ልጆቹ ከትምህርት በኋላ ይመጣሉ። በቋንቋችን ቢሆን ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚፈልጉት እሱን ነው።"

"የትኛው መንግሥት?"

ማርላ ግራ ገባት። "የኦታዋው ነዋ።"

"ያው የድሮው ነው በያ። አንድ ጆሮዬን ወስዶ አሁን ደግሞ ምላሴን ሊከራይ መጣ?"

ማርላ ሳቀች፤ ከዚያ በመሳቋ አፈረች። "እርስዎ እምቢ ካሉ ከከተማ ሰው ያመጣሉ፤ በእንግሊዝኛ ያስተምራል።"

አጋታን እሺ ያሰኛት ይሄ ነው።

ችግሩ እንጨቱ ነበር። ከፒየል ወዲያ የትኛው ረግረግ ውስጥ ደህና ዊስኮክ እንዳለ የሚያውቅ፣ ግንዱን ሳያበላሽ የሚቀጠቅጥ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል። አጋታ ሳምንት ሙሉ ስታመነታ ከረመችና ቤተ ክርስቲያኗን ዞራ ሄደች። ኖኤል በረንዳው ላይ መረብ ይጠግን ነበር።

"ዊስኮክ እፈልጋለሁ" አለችው፣ ሰላም ሳትለው። "ለልጆች ማስተማሪያ ነው። ይከፍሉሃል።"

መረቡን ጭኑ ላይ አሳረፈ። "ክፍያውን ተይው። ከልጆቹ ጋር ልቀመጥ።"

"በዚህ ዕድሜህ ቅርጫት ልትሠራ?"

"ቅርጫቱን አይደለም። ቋንቋውን ነው።" አንገቱን አቀረቀረ። "አንዲት ቃል አልቀረችኝም፣ አጋታ። እማዬ በህልሜ እየመጣች ታናግረኛለች። የምትለው አይገባኝም።"

'ሸጠህ በላኸው' የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ግን እንጨቱን ትፈልገዋለች። "ከኋላ ትቀመጣለህ" ብቻ ብላው ተመለሰች።

በረዶው ሲወርድ ትምህርቱ ተጀመረ። ኖኤል ከቀትር በኋላ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ግንድ ሲቀጠቅጥ ልጆቹ ከበውት ይቆጥሩለታል፤ ቀልድ ያውቃል፣ ወደዱት። ደወል ሲደወል አብሯቸው ገብቶ ከኋላ፣ ለጉልበቱ ባጠረች ወንበር ላይ ይቀመጣል። አጋታ ቃሉን ትላለች፤ ልጆቹ ይደግሙታል። የተሳሳተውን ልጅ ታስቆመዋለች፣ እስኪያስተካክል ታስደግመዋለች። ኖኤል ሲሳሳት ግን ዝም ትላለች።

ልጆቹ ይስቁበታል፤ እሱም ልክ ያለ መስሎት አብሯቸው ይስቃል። ከዚያ የተበላሸውን ቃል በበረዶው መንገድ እያጉተመተመ ቤቱ ይገባል።

ማርላ አስተዋለች። "አክስቴ፣ ጋሽ ኖኤልን ለምን አያርሙትም?"

"ሽማግሌ አይታረምም።"

መጀመሪያ ሰሞን አጋታን ነገሩ ጣፍጧት ነበር። ከዚያ ጣዕሙ ጠፋ፤ ያም ሆኖ አልተወችውም። አንድ ቀን 'ታናሽ እህቴ' የሚለውን ቃል አፉ ውስጥ ሲሰባብረው ልታስተካክልለት ከመቀመጫዋ ተነሣች። ጆሮዋን ዳሰስ አድርጋ ተመልሳ ተቀመጠች።

ወንዙ ላይ ያለው በረዶ ሳይቀልጥ ኖኤል በሳምባው ታመመ። ማርላ አጋታን እሱ የተኛበት ሆስፒታል ወሰደቻትና ሁለቱን ብቻቸውን ትታቸው ወጣች።

"አንድ ቃል ልጠይቅሽ ነው" አላት፣ ትንፋሽ እያጠረው። "'ይቅር በይኝ' እንዴት ይባላል? ክፍል ውስጥ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ከረምኩ፤ አላነሣሽውም።"

"የቅርጫት ትምህርት ነው።"

"አሁን ንገሪኝ እንግዲህ። በሱ ልልሽ ፈልጌ ነው።"

አጋታ ቃሉን ታውቀዋለች። እናታቸው ማታ ማታ ከጸሎት በኋላ እርስ በርስ ታስብላቸው ነበር።

"ያን ቀን ለሲስተሯ በምን ቋንቋ ነገርካት?" አለችው። "በዚያው በለው።"

ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በእንግሊዝኛም አላለውም።  ሳምንት ሳይሞላው ሞተ።

ቀብሩ ላይ ልጆቹ እሷ ባስተማረቻቸው ቋንቋ ዘመሩለት፤ መንደሩ አለቀሰ። እሷ አላለቀሰችም። ቤቷ ገብታ ሻይ ጣደች፤ ውሃው ተንኖ ተንኖ እስኪያልቅ ምድጃው አጠገብ ቆማ ቀረች።

በመከር ማርላ ደስ ብሏት መጣች። መንግሥት ሥራውን ወዶ ገንዘቡን ጨምሮታል። ለየመንደሩ በተላከው ወረቀት ላይ የአጋታና የኖኤል ፎቶ ወጥቷል፤ እሷ ቆማ፣ እሱ ከኋላ አፉን ከፍቶ። ከሥሩ፣ ቋንቋና ሙያ ከእህት ወደ ወንድም ሲተላለፍ፣ ይላል።

"ጥሩ ወጥተዋል፣ አይደል?" አለች ማርላ።

"እንጨቱንስ ማን ያመጣል?" አለች አጋታ።

እንጨት የሚያመጣ አልተገኘም። ማርላ ከከተማ ባለቀለም የወረቀት ጥብጣብ አስመጣች፤ አጋታም በዚያ ማስተማር ቀጠለች። አሁን ግን አንዲት ስሕተት አታልፍም። ልጅ ቃል ከተሰናከለበት አሥር ጊዜ ታስደግመዋለች፤ ካለቀሰም ታስደግመዋለች። እናቶቹ ለማርላ አቤት አሉ። ማርላም፣ "አክስቴ፣ ትንሽ ይለስልሱላቸው" ብላ ለመነቻት።

"እንዳይሳሳቱ ነው" አለቻት አጋታ፤ ሌላ አልጨመረችም።

ልጆቹ አንድ በአንድ መቅረት ጀመሩ። ሁለተኛው በረዶ ሲቀልጥ ክፍሉ ውስጥ የቀሩት ሁለት እህትማማቾች ነበሩ፤ እነሱም እናታቸው ከሥራ እስክትወጣ የሚሄዱበት ስለሌላቸው ነው። የአጋታ ደመወዝ ግን በየወሩ መጨረሻ ከኦታዋ ይመጣል።