የታመመው ማሽኑ ነበር

አሶሳ ውስጥ በአንድ የመኪና ምርመራ ጣቢያ የጭስ መለኪያው ማሽን ኃላፊነት የእኔ ነበር። መኪና ለዓመታዊ ቦሎ ሲመጣ ረጅሙን የላስቲክ ቱቦ ማርሚታው ውስጥ አስገባለሁ፤ ማሽኑ ጭሱን ስቦ ቁጥር ያወጣል፤ እኔ ወረቀቱ ላይ እፈርማለሁ። ፊርማዬን እወደው ነበር።

አንድ ሰኞ ከኩርሙክ አንድ ሽማግሌ መጡ። ከታናሽ ወንድማቸው ጋር በገዟት አሮጌ የቤንዚን ፒክአፕ ሰውና ዕቃ የሚያመላልሱ የበርታ ሰው ናቸው። መኪናዋ ምርመራውን ወደቀች። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ያልተቃጠለ ቤንዚን ከልክ በላይ ነው አለ ማሽኑ። ካንዴላ ቀይረው በሳምንቱ የኩርሙክን ድንጋያማ መንገድ እንደገና አቋርጠው መጡ። ቁጥሩ ይባስ ጨመረ።

ሽማግሌው ማርሚታው አጠገብ ተንበርክከው ጭሱን በመዳፋቸው ወደ አፍንጫቸው እየሳቡ አሸተቱት።

«ልጄ፣ ይሄ ጭስ ንጹሕ ነው። መኪና ደህና። ማሽንህ ነው የታመመ» አሉኝ። አማርኛን በኋላ የለመዱት ስለሆነ፣ ሴት ብሆንም «አንተ» ነበር የሚሉኝ።

«አባባ፣ ማሽን አይዋሽም። ሞተሩን ያስፈትሹ» አልኳቸው።

ከኋላቸው የተሰለፉት ሾፌሮች ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ገና አንድም መኪና ሳይገባ፣ ማሽኑን አብርቼ ቱቦውን ንጹሕ አየር ላይ ተውኩት። ቁጥሩ ወደ ዜሮ መውረድ ነበረበት፤ አልወረደም። ፊልትሮውን ቀየርኩ፤ ያው ነው። ማሽኑን ያለ ቱቦ ሳስነሳው ወዲያው ዜሮ ገባ። ቱቦውን ወደ ብርሃን አዙሬ በአንዱ ጫፍ ባይ ውስጡ በጥቁር ቅባት ተለብጧል። ዘይት የሚበላ መኪና የተወው ጥቀርሻ ነበር፤ በየመኪናው ጭስ ላይ የራሱን ሲጨምር ከርሟል። ቱቦውን በየሳምንቱ ማጽዳት የእኔ ሥራ ነው። መዝገቡ ላይ «ጸድቷል» እያልኩ እፈርም ነበር እንጂ ከነካሁት ቆይቻለሁ።

አዲስ ቱቦ ገጠምኩ። የሽማግሌው ስልክ ቁጥር ቅጹ ላይ ነበር። ስልኬን አወጣሁ፤ መልሼም ኪሴ ከተትኩት። ከደወልኩ የፈረምኩት ሁሉ ሊበረበር ነው። «ተመልሰው ሲመጡ ያልፋሉ» ብዬ ራሴን አታለልኩ።

አልመጡም። ሮመዳን ገባ፤ ኢድም አለፈ። ከዚያ በኋላ አንድ የኩርሙክ ሾፌርን ስለ እሳቸው ብጠይቀው፣ «ሞተሩን አስፈትተው ጋራዡ የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ሰነጠቀባቸው። መኪናዋ ቆማለች» አለኝ።

«መቼ ነው የተፈታው?»

«ሮመዳን ሊገባ ሲል።»

ቱቦውን ከቀየርኩ ከሳምንት በኋላ መሆኑ ነው። አንዲት ስልክ ብደውል ኖሮ ያ ሞተር አይፈታም ነበር።

ቅዳሜ ኩርሙክ ሄድኩ። ሽማግሌውን ቤታቸው ደጃፍ አገኘኋቸውና ቁጭ በይ ሳልባል፣ ማሽኑ ተበላሽቶ እንደነበር ነገርኳቸው።

«እኔ አውቅ ነበር» አሉ። «ለወንድሜ ንገረው። በመጥፎ ቤንዚን ሞተር ያቃጠልክ አንተ ነህ ይለኛል። ያንተን ወረቀት ያሳየኛል።»

ወንድማቸው ገበያው ዳር ትንሽ ሱቅ አለው፤ አብረን ሄድን። አሶሳ ስለተማረ አማርኛው የጠራ ነው። ነግሬው ስጨርስ እኔ የፈረምኩበትን ወረቀት ከመሳቢያ አውጥቶ ፊቴ ዘረጋው።

«ይህን ካወቅሽ ምን ያህል ጊዜ ሆነሽ?»

መዋሸት እችል ነበር። «ከሮመዳን በፊት ነው ያወቅኩት» አልኩ።

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። ይህን ለእሳቸው አልነገርኳቸውም ነበር። ወንድምየው በበርታኛ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር አላቸው፤ እሳቸውም እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉ። ትንሽ ቆሜ ወጣሁ።

ሰኞ ለአለቃዬ ሁሉንም ተናገርኩ። በዚያ ቱቦ ለክቼ ለጣልኳቸው መኪኖች ባለቤቶች አንድ በአንድ ደወልኩላቸው። አንዳንዶቹ ሰደቡኝ፤ አብዛኞቹ መጥተው አለፉ። የኩርሙኳ ፒክአፕ አልመጣችም።