ተራራዬን ያቃጠለው ዘፈን

«ላኪልኝ» የሚለውን ቃል ዛሬም ስሰማ ደሜ ይፈላል። ሰው የልጁን ፎቶ እንድልክለት ሲጠይቀኝ እንኳ ፊቴ ይለዋወጣል፤ ምን እንደነካኝ የሚያውቅ የለም። ጂማ ውስጥ ብሉቱዝ የሌለው ስልክ የያዘ ሰው ከንፈር በሚመጠጥለት ዘመን አንድ ዘፈን ነበረኝ። አንድ ብቻ። እሱንም በ«ላኪልኝ» አጣሁት።

ጓደኛዬና እኔ ጂማ ቦሳ አዲስ ሰፈር ያደግን የአንድ ግቢ ልጆች ነን። አባቴ ከሸዋ ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፣ አባቷ ደግሞ እዚሁ ጂማ አጠገብ ካለው ከደዶ የመጣ። እኛ ቤት አማርኛ፣ እነሱ ቤት ኦሮምኛ። እሷ ሁለቱንም እንደ ውሃ ትጠጣቸዋለች። የእኔ ኦሮምኛ ግን የገበያ ነው፤ ስንት ነው፣ ቀንሺ፣ ደህና ዋይ። ከዚያ ካለፈ እደናበራለሁ። ሰው ሲጠይቀን እህትማማቾች ነን እንል ነበር፣ መልካችን ጨርሶ ባይገናኝም ብዙ ሰው ያምነን ነበር።

እሷ ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት ጠባብ ሱቅ ከፈተች። በሩ ላይ «ፎቶ ኮፒ፣ ጽሕፈት፣ ሚሞሪ እንሞላለን» የሚል ጽሑፍ ነበር። ፎቶ ኮፒው ለስም ነው፤ ሰዉ የሚጋፋው ሚሞሪ ለማስሞላት ነበር። እኔ አራተኛ ክፍል አስተምር ስለነበር ከትምህርት ቤት ስወጣ የጠመኔውን ብናኝ ከልብሴ ሳላራግፍ እዚያ እሄዳለሁ። እሷ ፎቶ ኮፒ ስታነሳ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ ብዬ ዘፈን እመርጣለሁ፤ ለሾፌሩ ትዝታ፣ ለተማሪው ራፕ፣ ለሙሽራ የሠርግ። ለራሴም ያማረኝን ሁሉ ወደ ስልኬ እጭናለሁ። ይህ ሌብነት ነው ብሎ ያሰበ ሰው አላየሁም። ልጅ ሳለን ሁለት ካሴት በሚይዝ ቴፕ አንዱን ወደ አንዱ እየገለበጥን ያደግን ሰዎች ነን፤ ካሴቱ ሲዲ፣ ሲዲው ፍላሽ ሆነ እንጂ ሥራው ያው ነው።

አዲሱን ነገር የሚያመጡት ከየአገሩ የሚመጡ የኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ። አንድ የአዲስ አበባ ልጅ አንድ ፊልም ለማውረድ ኮምፒውተሩን ሳምንት ሙሉ ሳያጠፋ ይሰነብት ነበር፤ መብራት በሄደ ቁጥር ይራገማል። ከየት ነው የምታወርደው ብለን ጠየቅነው። «ከአንድ ቦታ አይደለም» አለን። «ከየሰዉ ኮምፒውተር ቁራጭ ቁራጭ እየለቀመ ነው። አንቺም የወረደልሽን ያህል ለሌላው ትሰጫለሽ።» ጓደኛዬ ይህን ስትሰማ በጣም ደስ አላት።

«ማሎ! እባካችሁ፣ እንግዲያ ሌባው የታለ?» አለች። «ሁሉም ሰው ትንሽ ትንሽ ነው የሚሰጠው ማለት ነው።»

በዚያው ሰሞን ሬዲዮ ላይ አንድ ዘፋኝ ቀርቦ ሥራዬ ገበያ ሳይወጣ በየስልኩ ተበተነ፣ ልጆቼን ምን ላብላ ብሎ ሲያለቅስ ሰማን። እኔ፣ አፌን ቆርጦ ይጣለውና፣ «ለቅሶው ራሱ ዜማ አለው፣ ቅጂልኝ» አልኩ። ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ይህን ለምን እንደምናገር አላውቅም፤ ግን ከዘለልኩት ዋሸሁ ማለት ነው።

ዘፈን መጻፍ የጀመርኩት ልጅ ሆኜ ነው፤ ለሰው ለማሰማት የደፈርኩት ግን አንዱን ብቻ ነው። ግጥሙ አማርኛ ሆኖ አዝማቹ ላይ አንዲት የኦሮምኛ ሐረግ አለችበት። የጂማ ዘፈን ኦሮምኛ ከሌለው የጂማ አይመስልም ብዬ ነው። አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ክፍሉ ውስጥ ቀዳኝ። እሱው አዲስ አበባ ለሚኖር አንድ አሳታሚ በስልክ አሰማውና ሰውየው ደወለልኝ። ድምፅሽን ወድጄዋለሁ አለኝ፣ የአዝማቹን ኦሮምኛ አጽድተሽ እንደገና ቀድተሽ ላኪልኝ፣ ከሌሎች አዳዲስ ዘፋኞች ጋር በአንድ ሲዲ አወጣዋለሁ። ስሜና ፎቶዬ ሽፋኑ ላይ ይወጣል። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀኝ፤ «ከእኔ በፊት ሰው እጅ ከገባ የለሁበትም። የተሰማ ዘፈን ማንም አይገዛም።» እኔ ከጠመኔ ሌላ ዕጣ ፈንታ ይኖረኛል ብዬ ያሰብኩት ያን ቀን ነው። እናቴ ለዘመድ ሁሉ እንዳትናገር በስንት ልመና አፏን አስያዝኳት።

አዝማቹን የምታጸዳልኝ ሌላ ማን አለችኝ? ቅጂውን በፍላሽ ወስጄ ለጓደኛዬ ሰጠኋት። ኮምፒውተሯ ላይ ገልብጣ በላቲን ፊደል «የእህቴ» የሚል ስም ጻፈችበት። ከዚያ ከፈተችው። አዝማቹ ላይ ስትደርስ ሆዷን ይዛ መሬት ቁጭ አለች። ሳቋ አላስወራት አለ።

«አንቺ! ምን እንዳልሽ ታውቂያለሽ? ተራራዬን አቃጠልከው ነው እኮ ያልሽው!»

ለካ «ገራ ኮ ጉብዴ» ነው መባል የነበረበት፤ ገራ ሆድ ነው፣ ሆዴን አቃጠልከው። እኔ «ጋራ ኮ» ብዬ ዘፍኛለሁ። አማርኛችን ውስጥ ያለው ጋራ ምላሴን ጎትቶት ነው። ኪቦርድ ተጫዋቹም እንደኔው የመሀል አገር ሰው ነውና አልነቃም። «ገ በይ፣ አጭር አድርጊው፣ ራ ላይ ሳቢው» እያለች ስታለማምደኝ ዋለች። ከዚያ ወዲህ ስታየኝ ሁሉ «ተራራሽ እንዴት አደረ?» ነበር ሰላምታዋ። እንደገና ቀዳሁት፣ በትክክለኛው ቃል ወደ አዲስ አበባ ላክሁት። የመጀመሪያውን ቅጂ ኪቦርድ ተጫዋቹ እዚያው ዓይኔ እያየ አጠፋው፣ እኔም ከፍላሼ አጠፋሁት። እሷንም ጠየቅኋት።

«አጥፍቼዋለሁ፣ ወላሂ። አብሽሪ» አለችኝ። እሷ ወላሂ ብላ ዋሽታኝ አታውቅም።

ጥቂት ሳምንት አለፈ። በዕረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ቁጭ ብዬ ደብተር ሳርም ከስፖርት መምህሩ ስልክ የገዛ ድምፄን ሰማሁ። እግዜር ይይልኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው! ሲዲው ወጥቷል ብዬ ልጮህ ነበር። ከዚያ አዝማቹ መጣ። ጋራ ኮ ጉብዴ።

በዓለም ላይ «ጋራ» የሚለው ቅጂ የቀረው አንድ ቦታ ነው፣ እሱም ጠፍቷል የተባለው።

«ከአጋሮ የመጣ ነው፣ ሠርግ ላይ አብደውበታል። ልላክልሽ?» አለኝ መምህሩ።

«የማን ነው?» አልኩት።

«እኔ እንጃ» አለ፣ ስልኩን እያወዛወዘ።

ማግስቱን አሳታሚው ደወለ። ከጂማ ቡና ጭኖ የገባ ሾፌር መኪና ውስጥ ሰምቶታል። «እየነገርኩሽ?» አለኝ፤ ስልኩን ዘጋው። ሲዲው ያለ እኔ ወጣ።

ወደ ሱቁ የሄድኩት በግማሽ ቀን ፈቃድ ነው። እኔ ግልፍተኛ ነኝ፣ አልደብቅም፤ ተማሪ ተሰልፎ እያየ በሩ ላይ ቆሜ ጮህኩባት። መጀመሪያ ካደች። «ጋራ ነው የሚለው!» ስላት ሻሿን አፏ ላይ ያዘች።

«ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሰጠሁት» አለች። «ለአክስቴ ልጅ፣ ደዶ። ሠርጓ ነበር። ለማንም እንዳትሰጪ ብያታለሁ።»

«አጠፋሁት ብለሽ ማልሽልኝ!»

«ላጠፋው ብዬ ነበር። በከፋኝ ቀን እሱን እከፍትና እስቃለሁ። እንዴት ላጥፋው? ደግሞ ኮራሁብሽ። የእኔ እህት ናት የዘፈነችው ማለት አማረኝ።»

በሷ ቤት ይህ ማባበያ ነው። እኔን ጭራሽ አበገነኝ። ሌባ አልኳት። ሕይወቴን በልተሽ ትስቂያለሽ አልኳት። ከዚያም የማይባል ነገር፣ ስለ እናቷ፣ ስላጎረሰችኝ እናቷ። እሷም አላለፈችኝም።

«አንቺ ከዚህ ወንበር ላይ የስንቱን ሰው ዘፈን ጭነሽ ሄደሻል? ያ ሰውዬ ሬዲዮ ላይ ሲያለቅስ ቅጂልኝ ያልሽው አንቺ አይደለሽም? ያኔ የእህትሽ ስላልሆነ ነው?»

እውነቷን ነው። ግን ያ ዘፋኝ እኔን አያውቀኝም፣ እኔም ምዬለት አላውቅም። እሷ ግን ዓይኔን እያየች ነው የማለችልኝ። ሬዲዮውን አስባለሁ፣ ወላሂዋንም አስባለሁ፣ ሁሌ የሚያሸንፈው ወላሂዋ ነው። በሱቁ በኩል ማለፍ ተውኩ። ዒድ ሲመጣ በልጅ ያስላከችውን ምግብ እናቴ ተቀበለች፣ እኔ አልቀመስኩም። ትዳር ይዛ ከጂማ ስትወጣም አልሸኘኋትም።

ከዓመታት በኋላ ለፈተና ጥበቃ ወደ አጋሮ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ወጣት አጠገቤ ተቀመጠች። ስልኳን ከፈተች። የኔው ነው። ሰው እንደሚያንጎራጉር አብሬው ማንጎራጎሬን ልብ አላልኩም፤ አዝማቹ ላይ እንደተማርኩት አጭር አድርጌ «ገራ ኮ» አልኩ። ልጅቷ ዘወር ብላ ፈገግ አለች።

«ይቅርታ፣ ጋራ ነው የሚለው» አለችኝ። «እኔም ኦሮሞ ሆኜ ግራ ይገባኝ ነበር። እኛ ሰፈር ግን ተራራ ያለችው አውቃ ነው፣ ትልቅ ፍቅር ስለሆነ ነው ይላሉ። ከፈለግሽ ልላክልሽ፣ ብሉቱዝሽን ክፈቺ።»

እጄ ከእኔ ቀድሞ ከፈተው። ስልኬ ነዘረ። ያ ሁሉ ሰው እየተቀባበለው፣ ከደዶ አጋሮ፣ ከአጋሮ የትም ዞሮ፣ ስሙን የቀየረው አንድም ሰው የለም። በላቲን ፊደል «የእህቴ» ይላል፣ ልቀበል ወይስ ልተው ብሎ ይጠይቀኛል። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ንዴት ይሁን ናፍቆት መለየት አቃተኝ። አልቀበልም የሚለውን ተጫንኩት።

«ምነው፣ አልሄደም?» አለች ልጅቷ ስልኳን እያየች።

«ስልኬ ሞልቷል» አልኳት።