የጋሽ የኋላሸት የብረት ዓይን

አሰላ ውስጥ ጠብ ተነሥቶ ጋሽ የኋላሸት ያላዩት የለም። ሠላሳ ዓመት መሬት ሲለኩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ከዲክሲስ እስከ ጎበሳ የስንቱን ገበሬ ድንበር በዓይናቸው ብቻ እንዳሰመሩ፣ ሜትሩ የሚዘረጋው ለወጉ ያህል እንደነበር፣ ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም ያወራሉ። አሁን የሚለካ መሬት ስለሌለ መስኮታቸው ሥር ተቀምጠው ሰፈሩን ይለካሉ። እሳቸው «በዓይኔ በብረቱ አየሁ» ካሉ ሽማግሌዎቹ ሌላ ምስክር አይጠሩም።

ባለፈው ሰኞ ማለዳ፣ ጉሙ መንገዱ ላይ እንደተኛ፣ አንድ ባጃጅ የጎረቤታቸውን የብርቄን በግ ገጭቶ በረረ። ጋሽ የኋላሸት ባለቀይ ኮፍያውን ሾፌር ሚፍታን ከነፊቱ፣ ከነጥርሱ አዩት። ሚፍታ አምና ነጭ ጋቢያቸው ላይ ጭቃ ረጭቶ ያለፈ ሰው ነው፤ ይህ በእርግጥ ከነገሩ ጋር ምንም አይገናኝም። ያን ጠዋት ሌላ ከተማ፣ ኦጎልቾ ነበርኩ ቢል ማን ሰምቶት! ሽማግሌዎቹ ለእሁድ ቀጠሩት። ጥፋቱ ከጸና የባጃጅ ማኅበሩ ሊያባርረው ነው፤ ሌላ እንጀራ ደግሞ የለውም።

ሐሙስ ዕለት ጋሽ የኋላሸት መነጽር ሊታዘዝላቸው ጤና ጣቢያ ሄዱ። ዓይን የምትመረምረው ሙቢና የብረት ዓይናቸውን ሲያወድሱ በትዕግሥት ሰማቻቸው። ከዚያ ወረቀት ላይ በግራ በኩል የመደመር ምልክት፣ በቀኝ በኩል ነጥብ ሠራች። ግራ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ምልክቱን ብቻ እያዩ፣ ወረቀቱን ቀስ በቀስ እንዲያስጠጉ ነገረቻቸው። ነጥቡ ድንገት ጠፋ። በቦታው ንጹሕ ነጭ ወረቀት ብቻ ቀረ።

«ጋሼ፣ እዚያች ቦታ ላይ ዓይንዎ ምንም አያይም፤ የሁላችንም እንደዚሁ ነው» አለቻቸው። «የጎደለውን አንጎል በግምት ይሞላና አየሁ ይላል።»

ወረቀቱ የመንግሥት ስለሆነ ነው ብለው ወጡ። ነገሩ ግን ሲከነክናቸው አደረ።

አርብ ማለዳ እንደ ሰኞው ጉም ነበር። ሚፍታ በባጃጁ ሲመጣ በመስኮት አዩት፤ ኮፍያው፣ ፊቱ፣ ጥርሱ ሳይቀር። ባጃጁ ቀረብ ሲል ሾፌሩ የማያውቁት ጺማም ጎልማሳ ሆኖ አረፈው። ቀዩም ነገር መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለ የፕላስቲክ አበባ ነበር። ጋሽ የኋላሸት አፈሩ። ቁርስም አልበላ አላቸው።

እሁድ ከሽማግሌዎቹ ፊት ቀድመው ተነሡና ያዩት ባጃጅ ብቻ እንደነበር፣ የሚፍታን ፊት ከገዛ ጭንቅላታቸው እንዳመጡት ተናገሩ። እውነት ሲመሰክሩ ምናልባት የመጀመሪያቸው ነበር፤ ስለዚህ ማንም አላመናቸውም። እንዲያውም ሰኞ ማለዳ ብርድ ልብሳቸው ውስጥ የነበሩ ሁለት ጎረቤቶች ተነሥተው ቀዩን ኮፍያ ማየታቸውን መሰከሩ።

ብርቄ አዘነችላቸው። «ጋሼ፣ እርስዎ ዓይንዎ ደክሞ ነው» አለች። «እኛ በዓይናችን በብረቱ አይተነዋል።»

ሚፍታ ቁልፉን ለማኅበሩ ሊቀመንበር አስረክቦ ሲወጣ፣ በሩ ላይ ዞር ብሎ ጋሽ የኋላሸትን አያቸው። ይህን ፊት እንኳ ያለ ጉም፣ ከቅርብ፣ ደኅና አድርገው አዩት።