ዋይፋይ ሽማግሌ ፊት ያቀረበን ጊዜ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ ላይ፣ እዚሁ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ነው። በዋይፋይ የተነሣ ሽማግሌ ፊት የቀረበ ሰው ከእኔና ከአበልጄ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ባስታወስኩት ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ። ያን ጊዜ ግን የሚያስቅ አልነበረም።

እኔ ኮፒ ቤት አለኝ። ግድግዳ ብቻ የሚለየን ጎረቤቴ ስንዱ ጁስ ቤት አላት። የልጄ የመቅደስ ክርስትና እናት ናት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚለው ለእኛ ነበር የተባለው።

ሁለታችንም ለደንበኛ ብለን ዋይፋይ አስገባን። መጀመሪያ ደህና ነበር። ኋላ የባለቤቴ ወንድም መጣና "ኃይሉን ልጨምርልሽ" ብሎ ራውተሬን፣ ዋይፋይ የምትረጨዋን ሣጥን፣ ሲነካካ ዋለ። እውነትም ኔትወርኬ ከአስፋልቱ ማዶ ሳይቀር ይታይ ጀመር። እኔም ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ።

የስንዱ ደንበኞች ግን "አይሠራም" እያሉ ጁሱን ሳይጨርሱ ይነሡ ጀመር። እሷም እልህ ይዟት ደብረ ታቦር ድረስ ሄደችና አንቴናው እንደ በሬ ቀንድ የቆመ ትልቅ ራውተር ይዛ መጣች። አሁን ደግሞ የእኔው ሞተ። በኢንተርኔት ፎርም ሊሞላ የመጣ ተማሪ ሁሉ ቆሞ ይውላል። "ሰረቀችኝ!" አልኩ። እሷም "ኔቴን ጎትታ ወሰደችብኝ" ትላለች አሉኝ። በቃ፣ ተኳረፍን። ጠዋት ሱቅ ስንከፍት እንኳ ጀርባ መሰጣጣት ሆነ።

ጣጣው የመጣው የመቅደስ ሠርግ ከጥምቀት በኋላ እንዲሆን ሲቆረጥ ነው። ስንዱ "እሷ ቤት እግሬ አይረግጥም" አለች ተባለ። መቅደስ እያለቀሰች መጣችና "እማዬ፣ ክርስትና እናቴ የሌለችበት ሠርግ ይቅርብኝ" አለችኝ። ልጄን አውቃታለሁ፤ ካለች አለች ነው።

ሽማግሌ ላክሁ። አባ ተክሌ የሁለታችንም የንስሐ አባት ናቸው። አያ ሙጨ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ የእርሻ ድንበር ጠብ ሲያበርዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሱቃችን በር ላይ ወንበር አወጣንላቸው። አያ ሙጨ ግን ከመቀመጣቸው በፊት ሁለቱን ሱቆች ዞረው አዩና "በሉ፣ የተጣላችሁበትን ነገር አሳዩን" አሉ።

እኔና ስንዱ ተያየን። ምን እናሳይ?

"አይታይም እኮ፣ አያ" አልኩ።

"ወይ ጉድ! ታዲያ ያላያችሁትን ነገር እንዴት ተሰራረቃችሁት?"

ኮምፒውተር የሚጠግነው አስማረ ተጠራ። ሁለቱንም ራውተር በስልኩ ከፍቶ አየና ሣቅ አመለጠው። ሁለታችንም አንድ ቻናል፣ አንድ የአየር መስመር ላይ ነን ለካ። ጠባብ መንገድ ላይ ፊት ለፊት እንደገጠሙ ሁለት ጭነት አህዮች ሆነን መተላለፍ አቅቶናል።

"በዚያ ላይ አያ፣ ዋይፋይ ከዚህ ኃይል አይለፍ የሚል ገደብ በየአገሩ አለ" አለ አስማረ። "ራውተሩ ያለበት አገር ይሞላበታል። ኃይሉ እንዲጨምር ተብሎ የሁለቱም ገደቡ ላላ ያለ የውጭ አገር ተሞልቷል።"

አያ ሙጨ በዱላቸው መሬቱን መቱት። "እስቴ ቁጭ ብላችሁ በማን አገር ሕግ ነው የምትኖሩ?"

እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ስንዱ ግን ፍርፍር ብላ ሣቀች። ሣቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። "እኔን ያቃጠለኝ ኔቱ መሰለሽ? እንደምን አደርሽ ስልሽ ዘግተሽኝ ማለፍሽ ነው እኮ!" አለችኝ። እኔም አለቀስኩ።

ፍርዱ ብዙ አልፈጀም። ሁለቱም ራውተሮች ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። ስንዱ ቻናል አንድን፣ እኔ አሥራ አንድን ያዝን። አያ ሙጨ "መካከሉ ወሰን ነው፤ ማንም ገፍቶ እንዳያርስ!" ብለው አስጠነቀቁን። አባ ተክሌ መስቀላቸውን አወጡና "ይቅር ለእግዜር" አባባሉን።

የሠርጉ ዕለት ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ቤቴ ሙሽራው ሊገባ ሲል መብራት ድርግም አለ። የእኔም የእሷም ራውተር ጠፋ። ወጣቱ ሁሉ ስልኩን ወደ ላይ አንሥቶ "ኔት የለም! ኔት የለም!" ይላል። ስንዱ መቅደስን አቅፋ በሩ ላይ ቆመችና እልልታዋን ለቀቀችው። እኔ ልንገራችሁ፣ ታች ገበያ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን!

ዛሬ ዋይፋዬ ከሱቄ ደጃፍ ብዙም አያልፍም። ደንበኛ ሲያጉረመርም "ጠጋ በል፣ ሰው አይበላህም" እለዋለሁ። ለስንዱ እልልታ ግን ገደብ ያወጣ አገር የለም፤ እንዳይወጣም እጸልያለሁ። ለአንዲት ሣጥን ብዬ ያን እልልታ ላጣው ነበር እኮ! ሳስበው እስከ ዛሬ እደነግጣለሁ።