የእትዬ በለጡ ጥቁር ቀሚስ

ትናንት ጎፋ ከአንዲት ሱቅ ሳሙና ልገዛ ገብቼ፣ ባለሱቁ የናፍታሊን ካርቶን ሲከፍት ሽታው አፍንጫዬን ሰነፈጠኝና ሳሙናውን ረስቼ ላፍቶ፣ እትዬ በለጡ ቤት ሄድኩ። በሐሳብ ማለቴ ነው፤ ቤቱማ ፈርሶ ፎቅ ከተሠራበት ቆይቷል።

ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ከቤታችን ጀርባም ገና ግማሹ የጤፍ ማሳ፣ ግማሹ የአሸዋ ክምር ነበር። ወሬ አፌ ውስጥ አያድርምና ሰፈሩ በሙሉ «ሬዲዮ» ነበር የሚለኝ፤ ማን እንዳረገዘች፣ ማን ከሚስቱ እንደተኳረፈ ከእኔ ያልሰማ አልነበረም። እትዬ በለጡ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ነበሩ፤ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ዝምተኛ፣ ለእኔ ግን ቆሎ የማይሰስቱ። አንድ ልጃቸው ዳዊት በቀይ ሽብር ጊዜ ተማሪ ሳለ ከቤት ተወስዶ በዚያው ቀረ። ሞቷል ብሎ መርዶ ያመጣላቸው የለም፤ መርዶ ላልመጣለት ሰው ማልቀስ ደግሞ ማሟረት ነውና አላለቀሱለትም።

ትምህርት ቤታችን የቀይ ሽብር መታሰቢያ ሙዚየም ሊያስጎበኘን ሲነሳ እትዬ በለጡ በአጥሩ ጠሩኝ። እግራቸው እሺ አይላቸውም ነበር። «የልጆቹ ፎቶ ግድግዳው ላይ አለ ይላሉ፤ የእኔን እዪልኝ። ቢኖርም ባይኖርም መጥተሽ ንገሪኝ» አሉኝ።

በአውቶቡስ እየዘፈንን ሄደን ገባን። መስታወት ውስጥ አጥንት አለ፤ አንድ ጫማ ደግሞ ማሰሪያው እንደታሰረ ነበር። ከዚያ ከወለል እስከ ጣሪያ የወጣት ፊት ብቻ። ዳዊትን አገኘሁት፤ እቤታቸው የተሰቀለው ፎቶ አይደለም፣ ግን ያው ሰፊ ግንባር፣ ስሙ ከነአባቱ ተጽፎ።

መንገዱን ሙሉ ሳወጣና ሳወርድ መጣሁ። መርዶ ጎህ ሲቀድ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በሽማግሌ አፍ ነው የሚነገረው፤ ቦርሳ ያንጠለጠለች የስምንተኛ ክፍል ልጅ እንዴት አድርጋ ትናገረው? ስደርስ ቤታቸው ተጠርጓል፣ አግዳሚ ወንበሮች በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል፣ ናፍታሊን ናፍታሊን ይላል። እንግዳ አለባቸው ብዬ አሰብኩ።

«የለም፣ እትዬ» አልኳቸው።

ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። «እሺ፣ ተባረኪ» ብለው ራሴን ዳሰስ አደረጉኝና ወንበሮቹን አንድ በአንድ ወደ ጓሮ ያወጡ ጀመር። እኔ እቴ፣ ምስጋናቸው አነሰኝና አኩርፌ ገባሁ።

ከአምስት ዓመት በኋላ ሲያርፉ ሴቶቹ ሣጥናቸውን ከፈቱ። ከታች፣ በናፍታሊን መሐል፣ የልብስ ሰፊው ጠመኔ እንኳን ያልለቀቀ ጥቁር ቀሚስ ተጣጥፎ ተቀምጧል። እናቴ ወዲያው አወቀችው። «ሙዚየም የሄዳችሁ ሰሞን ያሰፉት ነው» አለችኝ። «እሷ ወሬ አትደብቅም፣ ቁርጤን ትነግረኛለች ብለው ነበር።»

ያን ሁሉ የሰው ወሬ ሳዞር ኖሬ፣ የሚጠብቁትን አንዷን ዋጥኩባቸው። ለራሳቸው ድንኳን ተጣለ፣ ዕድርተኛው መጣ፤ ለዳዊት ግን አንድም ሰው አልተቀመጠለትም። ዛሬ ያንን አጥር አፍርሼ እንዳልነግራቸው አጥሩም የለም፣ እሳቸውም የሉም።

ቀሚሱ አሁን እኔ ጋ ነው። ትናንት ናፍታሊን ልግዛለት ብዬ ነበር፤ ተውኩትና ወጣሁ። የፊታችን ቅዳሜ ቀሚሱን ለብሼ ሙዚየሙ እሄዳለሁ፤ ይሰፋኛል፣ ይስፋኝ። ዳዊት ፊት ቆሜ በወጉ አለቅስለታለሁ።