የመንግሥት ልብ

ሰፈሩ «ሽው» ብሎ የሚጠራትን ሴትዮ ተቀምጣ አይቻታለሁ የሚል ሰው አይገኝም። ምሳዋን ቆማ ትጎርሳለች፣ ስልኳን እየሄደች ታነሳለች፣ ሰላምታ ስትሰጥ እንኳ አንድ እግሯ መንገድ ጀምሯል። ባሏ ሲቀልድባት «እኔ ያገባሁት ጀርባዋን ነው» ይላል። ድሮ ጨርቃ ጨርቅ መደብር ውስጥ ሻጭ ነበረች። እዚያ የተማረችው ነገር ቢኖር «ላስብበት» ብሎ የወጣ ደንበኛ እንደማይመለስ ነው። ጤና ጣቢያው ወላጆችን እያግባባች ልጆቻቸውን ለመንግሥት የጤና መድን እንድትመዘግብ ሲቀጥራት፣ ይህንኑ ትምህርቷን ይዛ ገባች።

ሥራው ግን እንደ ጨርቅ አልሆነላትም። ጨርቅ ይዳሰሳል። መድን ምኑ ይዳሰሳል? «ልጄ ጤነኛ ነው፤ ምን በወጣው በሽታ ልጥራበት?» ይላታል አንዱ። «ሲታመሙ ያኔ እከፍላለሁ» ትላታለች ሌላዋ፣ በሽታ ቀጠሮ አስይዞ የሚመጣ ይመስል። አንድ አባት ደግሞ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ «ለመሆኑ ማንን ጠቅሞ ያውቃል? እስቲ አንድ ሰው ጥሪልኝ» አላት።

ቢሮ ውስጥ መዝገብ ላይ ያየችው ነገር ካፏ ያመለጣት ያኔ ነው።

«እዚህ ታች የብረት በያጁ ልጅ አለ አይደል? ልቡ ላይ ቀዳዳ ነበረበት። ለቀዶ ጥገናው ማን የከፈለ ይመስልሃል? መድኑ ነው። ቤታቸውን ቢሸጡ አይበቃም ነበር።»

ሰውየው በሩን ወለል አድርጎ ከፈተላት፤ ልጆቹንም ሁሉ አስመዘገበ።

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማት! በደረሰችበት ሁሉ የበያጁን ልጅ ልብ ታወራ ጀመር። ወሬው አፏ ውስጥ በከረመ ቁጥር እየጣፈጠ ሄደ። አንዳንድ ቀን ልጁ ሊሞት ትንሽ ሲቀረው ይተርፋል፣ አንዳንድ ቀን እናቱ የሆስፒታሉ ወለል ላይ ትንከባለላለች። ክፋት ኖሯት አይደለም። ተመዝጋቢው እየበዛ ነው፣ አለቃዋ በሰው ፊት ያመሰግናታል፣ ምስጋና ደግሞ ትወዳለች። ምላሷም ቢሆን እንደ እግሯ ማረፍ አያውቅም።

የምዝገባው መዝጊያ ቀን ደረሰ። በዚያ ቀን ያልተመዘገበ ወይም የከረመውን ያላሳደሰ እስከሚቀጥለው ዓመት ወጪውን ከኪሱ ይችላል። ጠዋት ቢሮ ገብታ እነማን እንደቀሩ ስትጠይቅ የበያጁ ቤተሰብም አላሳደሰም አሏት። ልጁ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ይቀረዋል፤ የመጀመሪያው ለጊዜው ማቆያ እንደነበረ ሐኪሞቹ ለወላጆቹ ተናግረዋል። ረስተውት ይሆናል ብላ በጥድፊያ ወደ በያጁ ሄደች። በያጁ ጭንብሉን ቀና አድርጎ አያትና፣ «እናቱን ጠይቂያት። አይሆንም ያለችው እሷ ናት» ብሎ ጭንብሉን መልሶ ደፋው።

እናቱ ልብስ ሰፊ ናት። የምትሠራው ከመንገድ ዳር ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ እግራቸው ያልታጠፈ ሱሪዎች ተሰቅለዋል፣ መሬቱ በክርና በቁርጥራጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ሽው ስትገባ ሴትዮዋ ከስፌት መኪናው ላይ ቀና አላለችም።

«ተቀመጪ።»

«አይ፣ እቸኩላለሁ፤ ዛሬ እኮ መጨረሻው...»

«ተቀመጪ አልኩሽ።»

ተቀመጠች።

«ልጄን ትምህርት ቤት ምን ብለው እንደሚጠሩት ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም፣ የኔ እህት።»

«የመንግሥት ልብ።» ልብስ ሰፊዋ መርገጫውን መርገጥ አቆመች። «ኳስ ሊጫወት ሲል፣ ‹ተው፣ የመንግሥት ንብረት ትሰብራለህ› ይሉታል። ባለፈው መጥቶ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹እማዬ፣ የሁለተኛውን እናንተ ክፈሉልኝ፤ ቢያንስ ግማሹ የራሴ ይሁን።›»

ሽው ጆሮዋ ድረስ ፊቷ ነደደ።

«እኔ ለማንም አልነገርኩም። አባቱም ትንፍሽ አላለም። እንግዲህ ከየት ወጣ?»

«ስሙን እኮ አልጠራሁም» አለች ሽው፤ ቃሉ ካፏ ሲወጣ ራሷኑ አሳፈራት።

«ስሙን መጥራት ምን ያደርግልሻል? እዚህ ሰፈር ስንት ብረት በያጅ አለ? ዓመት ሙሉ ባንቺ አፍ ልጄ ሲሞት ሲነሳ ከርሟል። እኔም ሳልንከባለል አንከባለልሽኝ። አሁን ደግሞ እንደገና ላሳድስና እንደገና ልታወሪልኝ ነው?»

ጊዜው እየሄደ ነው፤ ቢሮው ይዘጋል፤ ያ ልጅ ሲሮጥ ከንፈሩ እንደሚጠቁር ሽው በዓይኗ አይታለች። «ቶሎ በይ» ማለት ያሰኛታል፤ ይህችን ሴት የማጣደፍ መብት ከሁሉም ሰው ይልቅ እሷ እንደሌላት ደግሞ ገብቷታል። በሕይወቷ እንደዚያ ተጨንቃ አታውቅም።

«ስደቢኝ» አለች በመጨረሻ። «አለቃዬ ጋ ሄደሽ ክሰሺኝ፣ ያባሩኝ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ግን እኔን ለመቅጣት ብለሽ ልጁን አትቅጪው፤ እባክሽ።»

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን አንስታ ከስፌቱ የተንጠለጠለውን ክር ቆረጠች።

«ባሳድስ ልጄን ካፍሽ ታወጪዋለሽ?»

«አወጣዋለሁ።»

«የሚመዘገብልሽ ሰው ብታጪም?»

«ባጣም።»

ሴትዮዋ መቀሷን አስቀመጠች፣ ነጠላ ጫማዋን አጠለቀችና ተነሳች። እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ ጎን ለጎን ሄዱ። በመስኮቱ ከፍላ ማሳደሷን የሚገልጸውን ወረቀት ተቀበለች፤ ደህና ዋይ ሳትላትም ሄደች። ሽው እፎይ ልትል አሰበች፤ አልቻለችም።

አለቃዋ ሰፈሩ ውስጥ ከተሠራው አዲስ ሕንፃ ላይ አንዲት የሕፃን እናት እንደቀረች ነገራት፤ በሩጫ ሄደች። ደረጃውን ወጥታ አንኳኳች። በሩ በሰንሰለቱ ልክ ተከፈተ። አንዲት ወጣት እናት፣ የሚያስል ልጅ ታቅፋለች።

«ማንን ጠቅሞ ያውቃል?» አለች እናትየዋ፣ ገና ሰላምታው ሳያልቅ።

ወሬው ጥርሷ ድረስ መጣ። ልጁ፣ ልቡ፣ ቀዶ ጥገናው፤ ሁሉም ተሰድሮ ቀረበላት። ዋጠችው።

«ልነግርሽ አልችልም። የሰው ገመና ነው።»

ወጣቷ እናት ትክ ብላ አየቻት። «የበያጁን ልጅ የምታወሪው አንቺ አይደለሽም እንዴ? እስከዛሬ ያልከፈትኩልሽ ለዚሁ ነው። የኔም ልጅ ደረቱ ደህና አይደለም። ስም እንዲወጣለት አልፈልግም።»

በሩ በዝግታ ተዘጋ።

ሽው እጇን ለማንኳኳት አነሳችና መልሳ አወረደችው። ከበሩ ወዲያ ሳሉ ይሰማታል፤ ደረቅ፣ የማያቋርጥ ሳል። ግንባሯን ወደ እንጨቱ አስጠጋች።

«እናቱ፣ ትክክል ነሽ። እኔን አትመኚኝ። ቢሮ ውስጥ አንዲት ዝምተኛ ልጅ አለች፤ እሷን ልላክልሽና እሷ ትመዝግብሽ። እኔ የልጅሽን ስም እንኳ አልሰማም፤ እዚህ ደረጃም ዳግም አልወጣም።»

ልጁ አሁንም ያስላል። ሊመሽ ነው፤ መስኮቱ የሚዘጋበት ሰዓት እየመጣ ነው።

«አሁን ሄደሽ ብትጠሪያት ትደርሳለች?» አለ ድምፁ ከውስጥ።

«ከሮጥኩ ትደርሳለች» አለች ሽው፣ ደረጃውን እየወረደች።