የከሳ ሁሉ አልታመመም

ሐኪሙ «ስኳርሽ ጫፍ ላይ ደርሷል፣ ክብደት ቀንሺ» ካለኝ ወዲህ ባጃጅ ትቼ ሥራ ቦታዬ ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ቆጮውንም እንጀራውንም በግማሽ ቀንሻለሁ። ሦስት ወር ሳይሞላ ቀሚሴ ሰፋኝ። እኔ ስደሰት ሰፈሩ ተጨነቀ፤ ዲላ ላይ የከሳ ሰው ታሟል ነው የሚባለው። እሑድ ዕለት ጎረቤቶቼ ድፎ ዳቦ ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ።

«ኧረ ደህና ነኝ፣ ሆን ብዬ ነው የቀነስኩት!» ብዬ ተቆጣሁ።

ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት ሴትዮ እጄን ይዘው «አይዞሽ ልጄ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አሉኝ።

እንደወጡ ሚዛን ላይ ቆምኩ። አንድ ኪሎ ደግሞ ወርዷል። ባለፈው ሳምንት ያስፈነደቀኝ ነገር አሁን አስፈራኝ። ያከሳኝ በእግሬ መሄዴ ነው ወይስ ሌላ ነገር? ድፎውን በትልቁ ቆርሼ ሳልቀመጥ በላሁ። ከዚያ ተመልሼ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ።